መሬቱ አልዘመመም

ባለፈው እትም ስለ ውኃ አያያዝ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ያጠፍኩት ወድጄ አይደለም። በዚህ ወር በክፍሌ ውስጥ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ውኃው ለሚቀጥለው ይቆየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይን ሐኪሞች ወደዚህ መጥተው ልጆቻችንን ሲመረምሩ ከቅዳሜው የአማርኛ ክፍላችን ለ11 ልጆች መነጽር ታዘዘላቸው። መነጽሩ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ 11ዱም መነጽራቸውን አድርገው፣ ፀጉራቸውን ቅባት ተቀብተው፣ እንደ ሙሽራ አጊጠው መጡ። በሁለተኛው ቅዳሜ ስቆጥር 6 ነበሩ። በአራተኛው ቅዳሜ 2 ብቻ ቀሩ። የቀሩት መነጽሮች የት ገቡ ብዬ ስጠይቅ፣ አንዱ ከአልጋ ሥር ሳጥን ውስጥ ተኝቷል፤ አንዱን እናት ለመርፌ ክር ማስገቢያ ወስደውታል፤ አንዱ ገበያ ወርዶ ተሸጧል፤ አንዱን ደግሞ ታላቅ ወንድም ፎቶግራፍ ሊነሣበት ተውሶት ሳይመልስ ቀርቷል።

«ለምን አወለቃችሁት?» ስላቸው የመለሱልኝ ነገር በሙሉ አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ «መምህር፣ ወለሉ ያዘነብልብኛል» አለኝ። ሌላዋ «በሩ ሊወድቅብኝ ይመስለኛል» አለች። አንድ ትንሽ ልጅ ደግሞ «ስራመድ መሬቱ ወደ እኔ ይመጣል» አለና ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጁ ያለው እውነት መሆኑን ስለማውቅ ነው። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ዓይነት መነጽር የተነሣ ላጋውን ስሻገር፣ ዳርቻው ቅርብ መስሎኝ እግሬን ሰንዝሬ በአሸዋው ላይ ተዘርሬያለሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ መነጽሬን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ያ ድርጊቴ ያስከተለውን ነገር ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ነገሩን እንረዳው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፊዚክስ እማር የነበርኩና ዩኒቨርሲቲን በሁለተኛው ዓመት ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስለ ብርሃንና ስለ መስተዋት ግን ጥቂት የቀረችኝ አለች።

ከዓይናችን ፊት ጥርት ያለ ሽፋን አለ፤ ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ በመጀመሪያ የሚያጥፈው እርሱ ነው። ይህ ሽፋን እንደ ኳስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተጠጋጋ ቢሆን ብርሃኑ በዓይናችን ጀርባ ባለው ስስ ግድግዳ ላይ በአንዲት ነጥብ ይሰበሰባል። በብዙ ሰው ግን ሽፋኑ እንደ ኳስ ሳይሆን እንደ ተጋደመ እንቁላል ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ በጣም፣ በሌላው አቅጣጫ በመጠኑ ይጎብጣል። ስለዚህ ብርሃኑ በአንድ ነጥብ መሰብሰብ ተስኖት ይዘረጋል። ይህ ነው አስቲግማቲዝም የሚባለው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ነጥብ አልባ» እንደማለት ነው። በሽታ አይደለም፤ አይተላለፍም፤ ከምግብ ማነስም አይመጣም። (ካሮትና ዱባ ብዙ ብሉ የሚሉ ሰዎች ለሌላ ነገር ልክ ናቸው፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት የማታ ዕውርነት ያመጣልና። የኮርኒያን ቅርጽ ግን ካሮት አይለውጠውም።)

ታዲያ እንዲህ ዓይነት ዓይን ያለው ሰው ሩቁም ቅርቡም ይደበዝዝበታል። ይልቁንም የሚገርመው፣ ሁሉም መሥመር እኩል አይደበዝዝበትም። በአንዳንዱ ሰው ዓይን የተጋደመው መሥመር ይደበዝዝና የቆመው ጥርት ይላል፤ በሌላው ሰው ዓይን ደግሞ የቆመው ይደበዝዛል። በሰያፍ የሚሆንበትም አለ።

አሁን፣ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ፊደላችንን አስቡት። ሰ እና ሸ በምን ይለያያሉ? በራስ ላይ በምትጋደም አንዲት መሥመር። ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ከ እና ኸ እንዲሁ ናቸው። ቡ በወገቧ፣ ቢ በእግሯ የምትይዛት ቅጥያም የተጋደመች ትንሽ ሰረዝ ናት። የተጋደመ መሥመር የሚደበዝዝበት ልጅ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ «ሸማ» የተባለውን «ሰማ» ብሎ ቢያነብ ምን ይገርማል? የቆመ መሥመር የሚደበዝዝበት ልጅ ደግሞ የመደመርን ምልክት የመቀነስ አድርጎ ቢገለብጥ፣ ስሌቱን አንድም ሳይሳሳት ሠርቶ ዜሮ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ልጅ እኛ መምህራን ምን እንለዋለን? «ቸኩለህ ነው»፣ «ልብህ እዚህ የለም»፣ «ሰነፍ ነህ»። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ለእኔም ተብሎልኛል።

ይህን ጉድለት ማንም ቀድሞ ያላወቀው በነበረበት ዘመን ያወቁት ሰዎች በራሳቸው ዓይን ላይ ነበር ያወቁት። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1801 የራሱን ዓይን መርምሮ ስለ ነገሩ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ ጆርጅ ኤሪ የተባለ የካምብሪጅ የሥነ ፈለክ ሊቅ በግራ ዓይኑ ማንበብ እንደማይችል፣ ኮከብም በዚያ ዓይን ሲያየው ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መሥመር እንደሚመስለው ልብ አለ። ከዚያም ምን ዓይነት መስተዋት እንደሚያስፈልገው በሒሳብ አስልቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1825 ኢፕስዊች በምትባል ከተማ ላለ መነጽር ሠሪ አሠራው። አንዱ ገጹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎብጥ፣ የበርሜል ጎን የመሰለ መስተዋት ነበር። ዛሬ በአፍንጫችሁ ላይ የምታስቀምጡት መነጽር የዚያ ልጅ ልጅ ነው።

በሐኪሙ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ዓይን ሦስት ቁጥሮች የተጻፉትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው የአጠቃላይ ኃይሉ፣ ሁለተኛው የዚያ የበርሜል ዓይነቱ ኃይል፣ ሦስተኛው ደግሞ በርሜሉ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጋደም የሚናገር ሲሆን እስከ 180 ዲግሪ ይቆጠራል። ይህችን ሦስተኛ ቁጥር አደራችሁን አትናቋት። መስተዋቱ ከተባለበት አቅጣጫ በ10 ዲግሪ ብቻ ዞር ቢል ከሁለተኛው ቁጥር እርዳታ ሲሶው ያህል ይጠፋል። በ30 ዲግሪ ከዞረ የቀረው ጉድለት መነጽር ከማድረጋችሁ በፊት ከነበረው አያንስም። የወንድምን መነጽር ተውሶ ማድረግ የማይረባውም፣ የተቀመጡበትና የተጣመመ ፍሬም ራስ የሚያሳምመውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ዘመመው መሬት እንመለስ።

ይህ ዓይነት መስተዋት በአንዱ አቅጣጫ ነገሮችን በአንድ መጠን፣ በሌላው አቅጣጫ በሌላ መጠን ያሳያል። ስለዚህ አራት ማዕዘኑ ዴስክ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላ በኩል ጠበብ ያለ ይመስላል። ቀጥ ያለው የበር መቃን ይጋደማል። ከዚያም በላይ የቀኝ ዓይንና የግራ ዓይን መስተዋት አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለቱ ዓይኖች የሚያመጡት ሥዕል ሲለያይ ደግሞ አእምሯችን ርቀትን የሚለካበት ሚዛን ይዛባል። መሬቱ የሚነሣ ወይም የሚሰምጥ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ከቅንድብ በላይ የሚይዝ ራስ ምታት ሊከተል ይችላል። መነጽሩ ግን አልተበላሸም፤ ዓይናችሁም እየጠፋ አይደለም።

አእምሮ በዕድሜው ሁሉ የተጣመመውን ሥዕል እያቃና ማየት ለምዷል። ዛሬ ቀጥ ያለውን ሲያመጡለት በልማዱ እርሱንም «ያቃናዋል»፤ ያን ጊዜ ቀጥ ያለው ይጣመማል። አዲሱን ሒሳብ እስኪማር ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ለአንዳንዱ ሁለት ሦስት ቀን፣ ለብዙው አንድ ሳምንት፣ ለአንዳንዱም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በልጅነት ቶሎ ይለመዳል፤ እንደ እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆናችሁ ጥቂት ይዘገያል። አእምሮ ምን ያህል እንደሚማር ለማየት ጆርጅ ስትራተን የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ በሌላው ላይ ዓለምን ገልብጦ የሚያሳይ መስተዋት አድርጎ ለቀናት ኖሯል። በመጀመሪያው ቀን ቀላል ሥራ እንኳ ፈተና ሆኖበት ነበር። በኋለኞቹ ቀኖች ግን በተገለበጠው ዓለም ውስጥ ያለ ብዙ ችግር ይንቀሳቀስ ጀመር። የተገለበጠ ዓለም የሚለመድ ከሆነ ጥቂት ያዘነበለ ወለል እንዴት አይለመድም?

በበኩሌ ትልቁ ጥፋት የልጆቹ ነው ብዬ አላምንም። መነጽሩን የሰጡት ሰዎች በጎ ሥራ ሠርተዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ዳሩ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የተሰጠው ማብራሪያ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ እርሱም እናቲቱ በማታውቀው ቋንቋ ነበር። «በመጀመሪያው ሳምንት መሬቱ የዘመመ ይመስልሃል፤ አትፍራ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ብትነገር ኖሮ ዘጠኙ መነጽር ከሳጥን ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። ያችን ዐረፍተ ነገር ደግሞ እኔ ልናገራት እችል ነበር። በዚያ ዕለት አስተርጓሚ ሆኜ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበርና። አልተናገርኩም። የራሴን መነጽር ደብቄ የተቀመጥኩ ሰው፣ ምን አፍ ኖሮኝ ልናገር?

አሁን ያልኳችሁን ልንገራችሁ።

መነጽሬን ጠቅልዬ ካስቀመጥኩ በኋላ ለወራት ያለ መነጽር አስተምሬያለሁ። የፈተና ወረቀት የማርመው ማታ ማታ በሶላር መብራት ነበር። (በደብዛዛ ብርሃን የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ሲሰፋም ብዥታው ይብሳል። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር።) በዚያ የትምህርት ዘመን መጨረሻ ከክፍላችን አንደኛ ለሚወጣ ተማሪ አንድ የሶላር ፋኖስ ተዘጋጅቶ ነበር። በቤታችሁ መብራት ለሌላችሁ ሰዎች ፋኖስ ምን እንደሆነ አላስረዳችሁም። አንዲት ልጅ፣ ስሟን አልጠራም፣ በሁለት ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ መጣችና በአክብሮት ቆማ «መምህር፣ ይቺ ስምንት ናት፤ ሦስት ብለው ነው ያረሙብኝ» አለችኝ። እኔም ወረቀቱን አየሁት። ሦስት ሆኖ ታየኝ። «ጽሕፈትሽን አስተካክይ፤ ቁጥር በግልጽ ይጻፋል» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ወረቀቷን አጥፋ ሄደች።

ሐኪሞቹ በመጡ ጊዜ ከመካከላቸው አንዷ ሥራ ስንጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተስ ዓይንህን አጥብበህ ነው የምታነበው፤ መነጽር የለህም?» አለችኝ። አለኝ አልኳት። በማግስቱ አምጥቼ አሳየኋት። ለካ አንደኛው የጆሮ ማንጠልጠያ ከመጀመሪያውም ተጣሞ ነበር፤ መስተዋቱ በአፍንጫዬ ላይ አዘንብሎ ይቀመጥ ነበር። አቃናችልኝ። ዓይኔንም ዳግመኛ ለክታ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ በል አሁን ጠዋት ስትነሣ አድርገው፣ ማታ ስትተኛ አውልቀው አለችኝ። አደረግኩት። ሦስቱን ቀን ራሴን አመመኝ። በአምስተኛው ቀን ወለሉ ረጋ። በአሥራ አንደኛው ቀን ይመስለኛል፣ መነጽሬን ስፈልግ ቆይቼ አፍንጫዬ ላይ አገኘሁት። ያን ዕለት የክፍላችንን ቆርቆሮ የያዙትን ሚስማሮች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ ከዚያ በፊት ሚስማር እንዳለው እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ማታውኑ አሮጌዎቹን የፈተና ወረቀቶች አወጣሁ። የልጅቱ ወረቀት ከእርሷ ዘንድ ስለሆነ አልነበረም። የሌሎቹን ግን አየሁ። ሦስት ብዬ ያረምኳቸው ስምንቶች በሦስት ልጆች ወረቀት ላይ ነበሩ። ስድስት ሆኖ ሳለ ዜሮ ያልኩትም አንድ ነበረ። በማግስቱ ልጅቱ ቤት ሄድኩና ወረቀቱን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ከደብተሯ ልባስ ውስጥ አወጣችልኝ፤ አልጣለችውም ነበር። ስምንት ነው። ሁለት ክቦቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ከእኔ ጽሕፈት የተሻለ ነው። «ተሳስቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «አውቄው ነበር፣ መምህር» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ፋኖሱ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ በቤቱም አራት ወንድምና እኅቶቹ ያነቡበታል። ከእርሱ እጅ ማስመለስ ሌላ በደል ነው። ስለዚህ ከወር አበሌ እያስቀረሁ ሌላ ለመግዛት እያጠራቀምኩ ነው፤ ገና ግማሽ አልደረስኩም። በክፍል ፊትም ውጤቱን አርሜ አንብቤያለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ግን ስለ እኔ ስለሆነ አይደለም። «ሦስት ቀን ራሴን አሞኛልና» ብላችሁ መነጽር ስትጥሉ የምትጥሉት የራሳችሁን ነገር ብቻ ላይሆን እንደሚችል እንድታዩት ብዬ ነው። ወንድማችሁን ቦዳ ቦዳ ከሚመጣበት መንገድ የምታሻግሩት እናንተ ናችሁ። የእናታችሁን የራሽን ካርድ የምታነቡት እናንተ ናችሁ። የሐኪም ቤት ካርድ ላይ ያለውን የክኒን ቁጥርም የሚያነብ ከእናንተ ሌላ በቤቱ የለም።

ለወላጆች አንድ ሁለት ቃል አለኝ። አንዲት እናት «መምህር፣ መነጽር ዓይንን ያሰንፋል ይባላል፤ ልጄ ለዘለዓለም ሊለምድበት ነው» ብለውኛል። መነጽር ዓይንን አያሰንፍም። ስታወልቁት ከድሮው የበለጠ የደበዘዘ የሚመስላችሁ ጥራት ምን እንደሆነ ስላወቃችሁ ነው። እንዲያውም ተቃራኒው ያስፈራል። በሕፃንነቱ ጥርት ያለ ሥዕል ያልደረሰው አእምሮ ጥርት አድርጎ ማየትን ሳይማር ሊያድግ ይችላል። ይህ ከሆነ በኋላ ዘግይቶ የመጣ መነጽር ብቻውን ላይመልሰው ይችላል። ስለዚህ «ሲያድግ ያደርጋል» አይባልም። ሌላዋ እናት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሴት ልጅ ናት፤ መነጽር ካደረገች ማን ያገባታል?» አሉኝ። እኔ ገና አላገባሁምና ስለ ጋብቻ ለመናገር ብቁ አይደለሁም። ሆኖም ሸማውን ከሰማ የማትለይ ሆና ከክፍል ወደ ኋላ ብትቀርስ ማን ይጠቀማል ብዬ መልሼ ጠየቅኋቸው።

ተማሪዎች ደግሞ በመንገድ ላይ «አራት ዓይን!» እያላችሁ የምትሰድቡ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ይህ ስድብ ከፈረንጅ ፊልም የመጣ ይመስለኛል። በእኛ አገር አባባል «አራት ዓይና» ማለት በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት አራቱን ጉባዔ ላደረሰ ሊቅ የሚሰጥ ማዕረግ ነበር፤ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱን፣ መነኮሳቱን። እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው በደረሰበት ሁሉ ሰው ይነሣለት ነበር። ስለዚህ የሚሰድባችሁ ልጅ ሳያውቅ ነው የሚያከብራችሁና «አሜን» በሉት።

የሥራውን ነገር በአጭሩ ልጨርስ። መነጽራችሁን ጠዋት ገና ስትነሡ አድርጉት፤ ቀትር ላይ ከጀመራችሁ አእምሮ የጠዋቱን ሥዕል ይዞ ይከራከራል። በየሰዓቱ ማውለቅና መልሶ ማድረግ ልምዱን ከአዲስ ያስጀምረዋል። ቁጥሩ ከበድ ያለ ከሆነና ሐኪሙ በጥቂት ሰዓት ጀምር ካለህ ግን ሐኪሙን ስማ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብስክሌት አትንዱ፤ በላጋው ድንጋይ ላይ አትዝለሉ። እግራችሁን ለማየት ዓይናችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ፤ በመስተዋቱ መካከል ስታዩ ጥምዘዛው ይቀንሳልና። መነጽሩን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ሁለቱ ማንጠልጠያዎች እኩል መንካታቸውን ተመልከቱ።

ስለ አቧራችን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ መስተዋቱ በአሸዋ ይሸፈናል። በሸሚዝ ጫፍ በደረቁ አትጥረጉት፤ አሸዋው እንደ ሞረድ ይጭረዋል፤ የተጫረ መስተዋትም አይድንም። ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጋችሁ እጠቡት፤ ሳሙና ካለ በጣት ጫፍ ንኩት፤ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አድርቁት። ውኃ እንደማይተርፈን አውቃለሁ፤ ግማሽ የሻይ ስኒ ይበቃል። በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይም አታስቀምጡት።

ሁሉም ነገር ደግሞ በመታገሥ አይፈታም። ይህን ካልነገርኳችሁ አሳስታችኋለሁ። ቆማችሁ በመስተዋቱ መካከል ስታዩ ጽሑፉ ከበፊቱ የባሰ ከደበዘዘ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ አድርጋችሁት ራስ ምታቱ ካልተወ፣ መነጽሩ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የቀኙ ከግራው ተለዋውጦ፣ ያቺ የዲግሪ ቁጥር ተዛብታ ወይም ፍሬሙ ተጣሞ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ እንጂ ሳጥን ውስጥ መክተት አይደለም። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ሦስቱ ቁጥሮች የተጻፉት በእርሱ ላይ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ በዛፉ ሥር እቆያለሁ። ከሬዲዮ ጠጋኙ ትንሽ የብሎን መፍቻ ተውሻለሁ። የተጣመመውን፣ ብሎኑ የወለቀውን፣ ከሳጥን የወጣውንም አምጡ፤ የእናንተ መሆኑን በወረቀታችሁ እናመሳክራለን። የላላውን ብሎን እኔው አጠብቃለሁ፤ የባሰበትን ለጤና ጣቢያ እንጽፍለታለን። መነጽሩን ለመርፌ የወሰዱት እናትም ቢመጡ ደስ ይለኛል። ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ ቅርቡን ማየት የሚያስቸግረው በሌላ ምክንያት ስለሆነ የልጃቸው መነጽር ለእርሳቸው አይሆንም፤ ሐኪሞቹ ሲመለሱ ስማቸውን አስመዘግብላቸዋለሁ። እስከዚያው መርፌና ክራቸውን ይዘው ይምጡ፤ እኔ አስገባላቸዋለሁ።